ጀሶ ስብራቱን እንጂ አጥንቱን አያክምም

ልጃችሁ ከዛፍ ሳይወድቅ፣ ከብት ሳይረግጠው፣ መኪና ሳይገጨው አጥንቱ ከተሰበረ፣ ጀሶ ታስሮለት ወደ ቤት ስትመለሱ ነገሩ አለቀ አትበሉ። የጤነኛ ልጅ አጥንት ከአዋቂ አጥንት ይልቅ ይለመጣል፤ ለመሰበር ጉልበት ይፈልጋል። ልብስ ሲለበስ፣ ሽንት ጨርቅ ሲቀየር፣ ከመደብ ሲወረድ የሚሰበር አጥንት «ለምን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። እኛ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅልን ሰው እስክናገኝ ልጄ ብዙ ተሠቃይታለች። ሌላው ወላጅ ቶሎ እንዲያገኘው ብዬ ነው የምጽፈው።

ምሥራቅ ጎጃም፣ ሉማሜ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ሴት ልጄ ኦስቲዮጄኔሲስ ኢምፐርፌክታ የሚባል፣ ከፅንስ ጀምሮ አጥንትን የሚያሳሳ ሕመም አለባት። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ያየሁትን፣ ሐኪሞቿን ጠይቄ የተረዳሁትንና በእጄ የሠራሁትን ነው።

የመጀመሪያው ስብራት ጭኗ ላይ ነበር። መደቡን ይዛ መቆም በምትለማመድበት ጊዜ ዞር ስትል ተንሸራታ ተቀመጠች፤ መውደቅ እንኳ አይባልም። ጩኸቷ ግን የወትሮው አልነበረም። እግሯን ማንም እንዲነካባት አልፈለገችም፣ ጭኗም ወዲያው አበጠ። እንደ አገራችን ልማድ አማቴ ወጌሻ አስጠሩ። ሽማግሌው መጡ፣ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ ይህ ወለምታ አይደለም። አጥንቱም እንደ ሌላው ልጅ አጥንት አልመሰለኝም። እኔ ቀርከሃ አላስርበትም፤ ሐኪም ቤት ውሰጂያት» አሉኝ። የማያውቁትን «አላውቅም» በማለታቸው የልጄ እግር ተርፏል ብዬ አምናለሁ፤ እስከ ዛሬ በየበዓሉ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።

ወጌሻ ሁሉ ግን እንዲህ አይመልስም። የተሰበረ እግር ወይም ክንድ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጠብቆ ሲታሰር እብጠቱ መውጫ ያጣል፣ ደም መዝለቅ ያቅተዋል፣ ሥጋው ይሞታል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የታሰረበት የትም ይሁን የት፣ ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ልጁ ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ ቀስ ብላችሁ ጣቱን ስታቀኑለት ከጮኸ፣ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየባሰ ከሄደ፣ እስሩ በሌሊትም ቢሆን ይፈታ። ጀሶ ከሆነ የሚሰነጥቅላችሁ ጤና ተቋም ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ሰዓት እንጂ ቀን አይደለም።

ደብረ ማርቆስ ራጅ ተነሣች፤ የጭን አጥንቷ መሐሉ ላይ ተሰብሯል። ከደረቷ በታች ጀምሮ እስከ እግሯ ጀሶ ተደረገላት። ይህ ጀሶ ለእናት ከባድ ነው፤ ስለዚህ የቀለለኝን ልንገራችሁ። ዳይፐሩ ከጀሶው ላይ ሳይሆን በቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ይጠቀጠቃል፣ ቶሎ ቶሎም ይቀየራል። የጀሶውን ጠርዝ በላስቲክና በፕላስተር ሸፈንኩት። ስትተኛ ደረትና ራሷን በትራስ ከፍ አደርግላት ነበር፤ ሽንቱ ወደ እግር እንጂ ወደ ጀርባ አይሄድም። በየጊዜው አገላብጣታለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ የቆየ ቆዳ ይላጣል። በሁለቱ እግሮች መካከል የሚደረገው እንጨት ለማንሻ አይደለም፤ በእሱ ማንሣት ጀሶውን ይሰብረዋል። ሆዷን ስለሚይዛት ጥቂት ጥቂት እያደረግኩ ደጋግሜ አበላት ነበር። ሲያሳክካት ዘንግ ወይም ማንኪያ ማስገባት አይገባም። ከውስጥ መጥፎ ሽታ ከመጣ ወይም ጉንፋን ሳይዛት ካተኮሳት ቀጠሮ አትጠብቁ።

ጀሶው ተፈትቶ ደስ ብሎን ሳናበቃ ክንዷ ተሰበረ። ሹራብ እያለበስኳት ነው፤ እጇ እጅጌው ውስጥ እያለ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሄድንበት ጤና ተቋም ውስጥ ያገኘችን ባለሙያ «ማን ነው የመታት?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ዛሬ ግን ይህን ልላችሁ እፈልጋለሁ፦ ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ነው፤ በእውነት የሚመቱ ልጆች አሉና። አትቆጡ፣ ካርዱንም ትታችሁ አትውጡ። የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ፣ ከዚያ «በዚህ ብቻ መሰበሯ ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጥያቄውን መልሱላቸው።

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ወጣት የአጥንት ሐኪም ነው። የድሮውንም የአዲሱንም ራጅ ጎን ለጎን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «እናት፣ ስብራቱን እናክመዋለን። አጥንቷን ግን እስካሁን ማን አየላት?» አለኝ። ቀጥሎ የልጄን የዓይን ሽፋን በቀስታ ገለጥ አደረገ። የዓይኗ ነጭ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ዘመድ ሁሉ «ዓይኗ እንዴት ያምራል!» ሲለን የኖረው ነገር የበሽታው ምልክት ነበር። ጥርሷን አየ፣ መጋጠሚያዎቿን አጠፍ ዘርጋ አደረገ፤ ከቤተሰብ በልጅነቱ ደጋግሞ የተሰበረ፣ በወጣትነቱ ጆሮው የደከመ ሰው እንዳለ ጠየቀን። የደም ምርመራም አዘዘ፤ ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ሌሎችም።

ምርመራው ያስፈለገው ልጅ በቀላሉ የሚሰበርበት ምክንያት ብዙ ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚታየው ሪኬትስ ነው። ሕፃኑ በቤት ውስጥ ተጠቅልሎ፣ «ምች ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል» እየተባለ ፀሐይ ሳያገኝ ሲቀር ቫይታሚን ዲ ያጣል፣ አጥንቱም ሳይጠነክር ያድጋል። የእጁ አንጓ ይሰፋል፣ እግሩ ይቆለመማል፣ መሄድ ይዘገያል። ደስ የሚለው ይህ በቫይታሚን ዲና በካልሲየም ይድናል። የእኔ ልጅ ሕመም ግን በዚያ ብቻ አይድንም። የሪኬትስ ልጅም ለእኔ ልጅ የሚሰጠውን መድኃኒት ሳይመረመር ቢወስድ ካልሲየሙ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከጎረቤት ልጅ የተረፈ መድኃኒት አይወሰድም፤ ሕመሙ ቢመሳሰል እንኳ።

የአጥንት ኢንፌክሽን፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ መንቀሳቀስ የማይችሉ ልጆች አጥንት መሳሳት፣ አንዳንዴም የደም ወይም የአጥንት ካንሰር አጥንት በቀላሉ እንዲሰበር ያደርጋሉ። ከመሰበሩ በፊት ሌሊት ሌሊት የሚያምም፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ ክሳትና ትኩሳት የነበረው ልጅ ካለ ማሸትም ማሰርም ፈጽሞ አይገባም፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ሐኪም ቤት ሳለን ከቢቸና በኩል የመጣ አንድ እረኛ ልጅ አልጋው ከአልጋችን አጠገብ ነበር። ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮህ የክንዱ አጥንት ከትከሻው ዝቅ ብሎ ተሰበረ። አባቱ «ጅራፍ እንዴት የገዛ ባለቤቱን ይሰብራል?» እያሉ ግራ ተጋብተው ነበር። ራጁ ላይ አጥንቱ ውስጥ ፈሳሽ የሞላበት ክፍት ቦታ ታየ፤ ካንሰር ያልሆነ ከረጢት ነው። የክንድ የላይኛው ጫፍ ይህ ከረጢት የሚወደው ቦታ ነው፣ ከሴቶች ይልቅ በወንድ ልጆች ይበዛል፤ እስኪሰበርም ድረስ ብዙ ጊዜ አያምም። ስብራቱ ክንዱ በአንገቱ ታንጠልጥሎ በሳምንታት ውስጥ ይጋጠማል። ክፍተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል፤ ስለዚህ ደግሞ ይሰበራል። ሐኪሞቹ በየተወሰነ ጊዜ በራጅ ይከታተሉታል፣ እንደ መጠኑም መድኃኒት ይወጉበታል፣ ወይም ጠርገው በአጥንት ይሞሉታል፣ ወይም በቀጭን ብረት ይደግፉታል። የልጁ አባት ክንዱ ሲድን ሊቀሩ ነበር፤ «ተመለሱ» ተብለው በመመለሳቸው ደስ ብሎኛል።

ወደ ልጄ ልመለስ። የእሷ አጥንት የጎደለው ካልሲየም ሳይሆን ኮላጅን የሚባለው፣ ካልሲየሙ የሚያያዝበት ፕሮቲን ነው። ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ላይ እንደሚደርስ ነገሩን። ሕመሙን የሚያረጋግጠው የዘር ምርመራ ቢሆንም፣ ሐኪሙ በዓይኗ፣ በራጁና በታሪኳ ብቻ ለይቶታል፤ «ምርመራው የለም» ተብሎ ሕክምናው አይቆምም። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈልን። በባሕር ዳር ዙሪያና በምዕራብ ጎጃም ያላችሁ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአጥንት ስፔሻሊስት ማግኘት ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አለ፤ በሕፃናት አጥንትና የአካል ጉዳት ላይ የሚሠራው ኪዩር ሆስፒታልም አለ። ሪፈሩን፣ የጤና መድን ደብተሩንና የቆዩ ራጆችን አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡ። ራጅ እንደ ደረቅ ወረቀት አይጣልም፤ የልጁ አጥንት ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተለወጠ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ስለ መንገዱ። ከደጀን በታች የአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ለተሰበረ ልጅ መከራ ነው። አንድ ካርቶን እንደ ቦይ አጥፋችሁ፣ ውስጡን በነጠላ ወይም በጥጥ አለስልሳችሁ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን ሁለቱንም መጋጠሚያዎች እንዲይዝ አድርጋችሁ በሰፊ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። የተጣመመውን ለማቅናት አትሳቡ። የሕመም ማስታገሻ ሽሮፑን በክብደቱ ልክ አስጽፋችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ስጡት። የፊት ወንበር ለምኑ፤ ሾፌሮቻችን ሲነገራቸው ይራራሉ። መንገድ ተዘግቶ የትም መሄድ በማይቻልበት ጊዜም እኛ እንዲሁ አድርገን፣ ጣቶቿን እያየን፣ ቀናት አሳልፈናል። አጥንቷ ለመጋጠም ሰነፍ አይደለም፤ በደንብ ተደግፎ ከቆየ እንደ ሌላው ልጅ ይጋጠማል። ችግሩ ተጣሞ ከተጋጠመ በዚያው መታጠፊያ ላይ ደግሞ መሰበሩ ነው።

አዲስ አበባ ሕክምናው ሁለት መንገድ ያዘ።

አንደኛው መድኃኒት ነው። አጥንት ሁልጊዜ እየፈረሰ እየተሠራ ይኖራል። የልጄ አጥንት ሥራው ደካማ ስለሆነ ማፍረሱ ይበልጥበታል። ቢስፎስፎኔት የሚባሉት መድኃኒቶች ማፍረሱን ያዘገያሉ። ፓሚድሮኔት በየጥቂት ወሩ፣ ዞሌድሮኒክ አሲድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በየ6 ወሩ በደም ሥር ቀስ ብሎ ይሰጣል። ከመጀመሩ በፊት ካልሲየሟ፣ ቫይታሚን ዲዋና ኩላሊቷ ታየ፤ ይህ ሳይታይ መጀመር የለበትም። በመጀመሪያው ጊዜ በማግስቱ አተኮሳት፣ ሰውነቷን ቆረጣጠማት፤ አስቀድመው ስለነገሩን አልደነገጥንም። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ለቀቃት፣ ከዚያ ወዲያም እንደዚያ አልሆነም። ከንፈሯ ዙሪያ ቢደነዝዛት ወይም ጣቶቿ ቢኮማተሩ ግን ካልሲየሟ ወርዷል ማለት ነውና ቶሎ እንድንመለስ ነግረውናል። መድኃኒቱ በሽታውን አያጠፋም። የስብራቱን ብዛት ቀንሶላታል፣ የጀርባ ሕመሟን አቅልሎላታል። ራጇ ላይ በጉልበቷ አጠገብ ነጫጭ መስመሮች ተደርድረው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ጊዜ የወሰደችው መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ሲያሳየኝ አለቀስኩ። አጥንቷ ላይ የተጻፈ ነገር እንዳየሁ ነው የቆጠርኩት።

መድኃኒቱን ማግኘት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ወረቀቱን ይዤ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬአለሁ። ስለዚህ ቀጠሮው ከመድረሱ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ መፈለግ ጀምሩ፤ የት እንደሚገኝም የሆስፒታሉን ፋርማሲ ባለሙያዎች ጠይቁ።

ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ነው። የጭኗ አጥንት ደጋግሞ ከመሰበሩ የተነሣ ጎብጦ ነበር። ቆራርጠው አቀኑትና በውስጡ ብረት አስገቡበት። «ለምን እንደ ሌላው ሰው ከውጭ ብረት አይታሰርበትም?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ከአጥንቱ ላይ በብሎን የሚታሰረው ብረት ጠንካራ ነው፤ ብረቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ያለው ደካማ አጥንት ግን ጭነቱን ስለማይችል እዚያው ይሰበራል አሉኝ። ከውስጥ ያለው ብረት የአጥንቱን ሙሉ ርዝመት ይደግፋል። እንደ ሬዲዮ አንቴና ከልጁ ጋር እየረዘመ የሚሄድ ዓይነትም አለ፤ ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም። የልጄ የማይረዝመው ነው። ስታድግ አጥንቷ ከብረቱ ጫፍ አልፎ ይሄዳል፣ ያልተደገፈው ክፍልም መጉበጥ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ይቀየራል። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ሲመጣ «አልተሳካም» ብላችሁ ተስፋ አትቆርጡም።

ስትወጣ ከሐኪሙ ጋር የተነጋገርነው ትልቁ ነገር ስለ መተኛት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ጀሶ በጣም ረዝሞ መቆየት የለበትም። ሳይረገጥበት የሚቆይ አጥንት ይበልጥ ይሳሳል፣ ሲፈታ ይሰበራል፣ እንደገና ይታሰራል። እኛ የመጀመሪያ ጊዜ የገባንበት አዙሪት ይህ ነው። ቤተሰብ ሁሉ «አትንኳት፣ ትተኛ» ይላል፤ ከፍቅር ነው። ፍቅሩን ወደ ሌላ ማዞር ያስፈልጋል። ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችንን እንቅስቃሴ በየቀኑ እንሠራለን። ለብ ባለ ውኃ በተሞላ ትልቅ ሳፋ ውስጥ እግሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ውኃው ክብደቷን ስለሚይዝላት ደስ ይላታል። ከዚያ በመደገፊያ መቆም፣ ከዚያ መራመድ።

ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በብብቱ ይዛችሁ አታንሡ፤ የጎድን አጥንቱ ይጎዳል። አንድ እጅ ከቂጡ ሥር፣ ጣቶች ተዘርግተው፤ ሌላው እጅ ከጭንቅላቱና ከትከሻው ሥር። ሽንት ጨርቅ ሲቀየር ሁለት ቁርጭምጭሚት ይዞ ወደ ላይ ማንሣት የጭን አጥንት ይሰብራል፤ እጃችሁን ከቂጡ ሥር አስገብታችሁ ከፍ አድርጉት። ልብሱ ከፊት የሚከፈት ይሁን፤ እጁን በእጅጌው አትጎትቱ፣ የእናንተን እጅ በእጅጌው አስገብታችሁ እጁን ተቀበሉት። እኛ ዘንድ አራስ ሕፃን በቅቤ ይታሻል፣ እጅና እግሩም ይሳባል፣ ይዘረጋል። ቅቤው ይቀባ፤ መሳቡ ግን ይቅር። አንቀልባም እግሩን አስፍቶ ወገቡን አጥብቆ ስለሚይዝ ተውነው፤ አማቴ ተቃውመው ነበር፣ ምክንያቱን ሐኪሙ ራሱ ሲያስረዳቸው ግን ከሁላችን በላይ ጠባቂዋ ሆኑ። አሁን እንግዳ «እስቲ ልቀፋት» ሲል ቀድመው እጁን የሚያስተካክሉት እሳቸው ናቸው። አያቶችን ሐኪም ፊት ይዛችሁ ሂዱ።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። ወተት፣ አይብ፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ፣ የጠዋት ፀሐይ ሁሉም ይጠቅማል። በጾም ወራት ቤት ውስጥ ወተት ስለሚጠፋ ለእሷ ለብቻ እናስቀምጣለን። ምግብ ብቻውን ግን ኮላጅኑን አያስተካክልም፤ «ወተት ነሥታት ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

ከስብራቱ ይልቅ የሚያቆስለው አንዳንዴ ወሬው ነው። እርግማን ነው ያለ አለ፤ የእናትየዋ ኃጢአት ነው ያለም አለ። ጠበል እንወስዳታለን፤ ቄሱ ሁኔታዋን ስለሚያውቁ ሳይጫኗት ይረጩላታል። መድኃኒቷንም አንድ ቀን አናስተጓጉልም፤ ሁለቱ ተጣልተውብን አያውቁም። ለወሬው መልስ የሆነኝ የሐኪሙ ማብራሪያ ነው። ሕመሙ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ብዙውን ጊዜ ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለቱም ወላጆች ጤነኛ ሲሆኑ ደግሞ፣ እንደ እኛ፣ ሕመሙን የሚያመጣው የዘር ለውጥ በአብዛኛው በዚያው ፅንስ ላይ አዲስ የተከሰተ ነው፤ እርጉዝ ሳለሁ የበላሁት፣ የሠራሁት ወይም የተናገርኩት አላመጣውም። ሁለተኛ ልጅ ላይ የመደገሙ ዕድል ትንሽ ነው፣ ጨርሶ የለም ግን አይባልም። ስለዚህ ሌላ ልጅ ስታስቡ ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ ወሊዱም ሆስፒታል ይሁን።

ልጄ ዘንድሮ 2ኛ ክፍል ናት። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ለዕረፍት ከሌሎቹ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብላ ትወጣለች፤ ግፊያው በሩ ላይ ነውና። ከአጠገቧ የምትቀመጥ አንዲት ጓደኛዋ ቦርሳዋን ትይዝላታለች። በየጊዜው ጆሮዋን እናስመረምራለን፤ ይህ ሕመም የመስሚያ አጥንቶችንም ስለሚነካ። ጥርሷም ቶሎ ስለሚሸራረፍ የጥርስ ሐኪም ያያታል። በመጨረሻው ራጅ የጭኗ አጥንት ከብረቱ ጫፍ በታች ጥቂት መጉበጥ ጀምሯል። ክረምቱ ሲወጣ ይቀየራል ተብሎ ቀጠሮ ይዘናል። እሷም ታውቃለች። ሐኪሟን ስትጠይቀው የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለመስቀል ደመራ ቆሜ አያለሁ?» «መደገፊያሽን ይዘሽ» አላት።